መሸብኝ

በድሮ ጊዜ ብቻውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነበር። ነጋዴው ከሲራራው ጋር ይጓዛል፤ ባላገሩም ወደ ገበያ ወይም ወደ ዳኛ ሲሄድ የመንገድ ጓደኛ ይጠብቃል። ጓደኛ ያጣ እንደ ሆነ ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ከአንድ መንደር ደርሶ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ይህን ሲል አያፍርም። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ካበላው በኋላ ነው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው።

ወጣቱ አንባቢዬ፣ ይህችን «መሸብኝ» የምትባለዋን ቃል እስቲ ቆም ብለህ ተመልከታት። ጀምበር የጠለቀችው ለአገሩ ሁሉ ነው፤ መንገደኛው ግን በእኔ ላይ መሸ ይላል። ሰነፍሁ ማለቱ አይደለም፤ ፈራሁ ማለቱም አይደለም። ከእኔ አቅም በላይ የሆነ ነገር መጣ፣ እኔም አወቅሁት ማለቱ ነው።

ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነበር። የአውራ ጐዳና መሥሪያ ቤትም በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገዱ እየረዘመና እየሰፋ ሄዶ፣ በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ የግማሽ ቀን ሆነ። ምስጋና ይገባዋል እንጂ አይነቀፍም። ነገር ግን ከመኪናው ፊት ሁለት መብራት ስለ ተተከለ፣ እኛም ከቶ የማይመሽብን ፍጥረቶች የሆንን መሰለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜና እሑድ ሐዋሳ ከታላቅ እኅቴ ዘንድ ሰነበትሁ። እትዬ ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ትደረድራለች፣ የሚጠጣባቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን አብረን ቅዳሴ አስቀደስን። ከምሳ በኋላ «ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ብትሄድ ምናለ?» አለችኝ። ሰኞ ጧት በ2 ሰዓት ከሥራ መግባት ነበረብኝ። ቡናውን ደግሞ እስከ በረካው ሳልጠጣ እንድነሣ አልፈቀደችም፤ እኔም አልቸኰልሁባትም። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ተሳስመን ተለያየን።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ነው፤ ማንም የማይሰማውን ዘፈን በተበላሸ ድምፅ ይዘፍናል፣ ከራሱ ጋር ይከራከራል፣ ክርክሩንም ሁልጊዜ ይረታል። አሮጌውን መንገድ ይዤ የሻሸመኔን ግርግር አለፍሁ፤ አርሲ ነገሌንም አለፍሁ። ከግራዬ ካለው ከአብያታ ሐይቅ በላይ፣ ከዓመት ዓመት ውኃው እየሸሸ ባዶ ካስቀረው ሜዳ ማዶ ፀሐይ ስትወርድ ታየች። ግራሮቹ ጠቆሩ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ቀረ።

በዚያ መንገድ ላይ ማታ የሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም። መንገዱ ለእኛ መተላለፊያ ይሁን እንጂ ለአገሩ ሰው ደጁ ነው። ከብት ወደ በረት ይመለሳል፤ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ ውኃ ጭኖ ይሄዳል፤ ልጅ ከጋሪው ኋላ ይሮጣል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ካላወረደልህ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ዕውር ነህ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን ረግጦ እስኪቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት እንኳ 50 ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ዝቅ ያለው መብራት የሚያሳየውም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ይህ እንግዲህ ነጂው ፍጹም ንቁ ሲሆን ነው።

እኔ ግን አዳሚ ቱሉ ስደርስ ቡልቡላን ማለፌ ትዝ አላለኝም። ዓይኔ ተገልጦ ነበር፤ መሪውንም ይዤ ነበር፤ ከተማይቱ ግን ከአሳቤ ውስጥ የለችም። እንቅልፍ ሌባ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ በር አንኳኵቶ አይገባም። ነጂው ለአራት ሴኮንድ ቢያንጐላጅ መኪናው 90 ሜትር ያህል ያለ ነጂ ሄደ ማለት ነው። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮኽ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ እንቅልፍን አያስወጣም። ነገሩን ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚቀንሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኰል እንዳለበት ሰው ነው፤ ይህም በብዙ አገር ሕግ መንዳት የሚከለከልበት ልክ ነው። ጣቴን ቈጠርሁ። ከሌሊቱ 11 ተነሥቼ ማታ በ4 ሰዓት አዲስ አበባ ብገባ ልክ 17 ሰዓት ይሆናል። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ እኔም አንዲት መለኪያ ሳልቀምስባት ሰክሬ ቤቴ ልገባ ነው!

ዝዋይ ስደርስ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ሆቴል ግቢ አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። መጀመሪያ ለአለቃዬ ደወልሁ። «መሸብኝ፤ ነገ አረፍዳለሁ» ብዬ ብነግረው ዝም አለና፣ «ምነው፣ መኪናህ መብራት የለውም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ከአሥሩ ሰው ዘጠኙ የሚለውን ነው ያለው።

ቀጥዬ እኅቴን ጠራሁ።

«እትዬ፣ ዝዋይ ላይ መሸብኝ» አልኋት።

«እሰይ ወንድም ዓለም! እንኳንም መሸብህ! በል እንግዲህ እኔም ልተኛ» አለችኝ።

እኔ ስነዳ ብቻዬን የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እርሷ ቁጭ ብላ ከእኔ ጋር ትጓዝ ኖሯል።

ከክፍሉ ያለው ቧንቧ ውኃ የለውም ነበርና ሽማግሌው ዘበኛ በማንቈርቈሪያ ይዘው መጡ። እጄን ካስታጠቡኝ በኋላ «እግርህንም ወዲህ በል» አሉኝ። ይቅርብኝ፣ በዕድሜ አባቴ ነዎት ብል «መንገደኛ አይደለህ?» ብለው ጐንበስ አሉ። እግሬ በዚያ ቀን ፍሬንና ነዳጅ ከመርገጥ በቀር የሠራው ሥራ ስላልነበረ እጅግ አፈርሁ፤ እርሳቸው ግን ከጎንደር በእግሩ የመጣ ሰው ያህል አድርገው አጠቡት። አጐበሩን አውርጄ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ተነሣሁ። ውኃ የጫኑት ጋሪዎች ከእኔ ቀድመው ወጥተዋል። ከመቂ አልፌ ወደ ዓለም ጤና ስቃረብ ጐማው የፈነዳ የአሸዋ መኪና የኋላ መብራት ሳይኖረው መንገዱን ግማሽ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ሦስት የግራር ቅርንጫፍና ጥቂት ድንጋይ ተደርድሯል። ሾፌሩና ረዳቱ ከሥሩ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆሙ አልጠየቅሁም፤ ቀስ ብዬ አለፍሁ።

ከመሥሪያ ቤቴ የደረስሁት ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር። ከዓመት ፈቃዴ ግማሽ ቀን እንዲቀነስብኝ አለቃዬ ስላዘዘ ቅጹን ሞላሁ። «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ «መሸብኝ» ብዬ ጻፍሁ። ጸሐፊዋ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሙን መታችበት።