ቤቱን በስልክ አየሁት፣ ጉዱን በእግሬ!

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ገዛ ቂልነቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈልጎ የማያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። የፈለገ ግን ያዝንልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገርጂ የምኖርባት ክፍል ባለቤት «ልጄ ሊያገባ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ» አሉኝ። ውላችን የቃል ነበርና የምከራከርበት ወረቀት የለኝም። በዚያ ላይ ታናሽ እህቴ ከደሴ መጥታ አብራኝ ልትኖር ቀኗ ደርሷል። እናላችሁ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ፍለጋ ጀመርኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ከሱቁ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ አንድ አዛውንት ደላላ አሉ። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም ሳልቆም «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ ወደ ታክሲዬ እሮጣለሁ። ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላቸውም። ቴሌግራም እያለልኝ ለምን ኮሚሽን እከፍላለሁ ብዬ ነዋ!

በሦስተኛው ቀን የልቤን አገኘሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኪችን ካቢኔት ያለው፣ ዋጋውም ከአካባቢው ዝቅ ያለ። ስደውል አንድ ጨዋ የሚመስል ወጣት አነሳው። «እህቴ፣ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው። መያዣ ከላክሽ ቅዳሜ ቁልፍ ትረከቢያለሽ» አለኝ። እንደ በሬው ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ 12,000 ብር በስልኬ ላክሁለት።

ቅዳሜ ስሄድ ስልኩ ዝግ ነው። ብሎኩን ጠይቄ አገኘሁና በሩን አንኳኳሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ከፈተችልኝ። ስለ ቤቱ ገና አፌን ስከፍት «ውይ እህቴ፣ አንቺ አራተኛዋ ነሽ!» አለችኝ። ፎቶዎቹ የእሷው ቤት ናቸው፤ ተከራይታ ከመግባቷ በፊት የተነሱ። እሷ ምን ታድርግ? ውሃ ሰጥታኝ፣ አጽናንታኝ ሸኘችኝ።

ስመለስ ፊቴን ያዩት ደላላው ናቸው። «ምን ሆነሻል ልጄ?» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም፤ «ደግ አደረገሽ!» አላሉኝም። «በይ የላክሽበትን መልእክት እንዳታጠፊው። መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክቺ፣ ከዚያ ነይ» አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ አመልክቼ ስመለስ ከኮታቸው ኪስ ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? መስታወቱ የተሰነጠቀ ስማርት ስልክ! የልጅ ልጃቸው አስተምሯቸዋል። ለካስ እሳቸውም ቤት የሚያሳዩት በቪዲዮ ነው። ግን አቀራረጻቸው ለየት ይላል። መጀመሪያ ሳሎኑን አያሳዩም፤ ቀጥታ ገብተው ቧንቧ ይከፍታሉ። ውሃው ፏ ሲል አይቼ ደስ ሊለኝ ሲል «ቆይ፣ ይህን ያነሳሁት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የዚህ ብሎክ የውሃ ቀን ነው። በሌላው ቀን ከሮቶ ነው የምትቀጂው» አሉኝ። ይህን የትኛው ፎቶ ይነግረኛል?

ከቪዲዮዎቹ ሦስት መርጬ በእግር ሄድን። አንዱ ቤት አምሮኝ ሳለ ጠጋ ብለው «ሥር ግሮሰሪ አለ። ቀን ጸጥ ያለ ነው፣ ማታ ግን እንቅልፍ የለም» አሉኝ። የራሳቸውን ኮሚሽን እኮ ነው የጣሉት!

ሦስተኛውን ወደድኩት። ባለቤቷ አሜሪካ ናት፤ ወንድሟ በውክልና ያከራየዋል። እሳቸው ግን «በቃሉ ብቻ አንሄድም» ብለው ውክልናውንና ካርታውን አሳዩኝ አሉ። ከዚያም በዚያችው በተሰነጠቀች ስልክ ለባለቤቷ በቪዲዮ ተደወለላት። «በሉ ተያዩ፤ ተከራይሽ ይቺ ናት» አሉ። ተሳሳቅን፣ ተስማማን። ውሉን በጽሑፍ አድርገን ወረዳ አስመዘገብን፤ ብሩንም ውሉ ላይ በተጻፈው የባንክ ሒሳብ አስገባሁ።

ታዲያ ደላላ ሁሉ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። ቤቱን ራሱ ሳያይ ዋጋ የሚቆልል፣ አከራይና ተከራይን የሚያናክስ ሞልቷል። የእኛ ሰፈሩ ሰውዬ ግን ቢዋሹኝ ነገ ጠዋት እዚያው ድንጋይ ላይ አገኛቸዋለሁ። ያንን «ጨዋ» ወጣት የት አገኘዋለሁ?

እስቲ ለእናንተ ምክሬን ልቁጠር። አንደኛ፣ በስልክ ፈልጉ፤ ዋጋ ለማወዳደርና ጫማ ላለመጨረስ የሚያህለው የለም። ሁለተኛ፣ በእግራችሁ ሳትረግጡት፣ የሚያከራየውንም ሰው ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ ሂዱ፤ ውሃውን ጎረቤት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ለናንተም ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በቃል ውል ገብቼ በወር ውስጥ አልባረርም ነበር።

12,000 ብሬ እስካሁን አልተመለሰችም። እህቴ ግን መጥታለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት። አዲሱ ቤቴም እዚያው ገርጂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ ሱቅ በኩል አልፋለሁ። «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል። አሁን ቆሜ ነው የምመልሰው።

ቸር ሰንብቱ!