እጅን ስለ መሰብሰብ፤ ለልጄ የተጻፈ ምክር

ለተወደድሽው ልጄ፤

በዚህ በቨርጂኒያ ሕግ የሚጠየቀውን የ500 ሰዓት ትምህርት ፈጽመሽ፣ ፈተናውን አልፈሽ፣ ከነርሶች ቦርድ የማሳጅ ሕክምና ፈቃድሽን ተቀብለሽ፣ በሰው ቤትም ተቀጥረሽ እጅሽን ካስለመድሽ በኋላ፣ አሁን በራስሽ ስም ክፍል ተከራይተሽ ልትሠሪ መነሣትሽን እናትሽ በነገረችኝ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስለ እጅሽ ጥበብ የምጨምርልሽ የለኝም፤ የጡንቻውንና የጅማቱን ነገር መምህራንሽ ከእኔ ይልቅ በሥርዓት አስተምረውሻል። እኔ የምጽፍልሽ እጅን መሰብሰብ ግዴታ ስለሚሆንበት ዘመን ነው፤ ያ የኮሮና መከራ በመጣ ጊዜ አንቺ በሌላ ክፍለ ግዛት ትማሪ ነበርና የማሳጅ ቤታችን እንዴት እንደ ተዘጋ፣ በምንስ እንደ ከረመ በዓይንሽ አላየሽም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 14 ቀን፣ የደብረ ዘይት በዓል በተከበረ ማግስት ሰኞ፣ የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ራልፍ ኖርዘም ስድስት ጫማ መራራቅ የማይቻልባቸው ቤቶች፣ ፀጉር ቤቱም፣ ንቅሳት ቤቱም፣ ማሳጅ ቤቱም፣ ከማክሰኞ እኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዲዘጉ አዘዙ። ከሙያ ባልንጀሮቻችን መካከል ሥራችን ከንቅሳት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር መቆጠሩ ያስቆጣቸው ነበሩ፤ እኔ ግን ለቍጣ የሚያበቃ ነገር አላየሁበትም፤ ደዌው መዓርግ አይመርጥምና። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዱ በሌላው ላይ አጎንብሶ የሚተነፍስበት ሥራ ከእኛ ሥራ ሌላ ጥቂት ነው፤ በሽታውም ሕመሙ ገና ካልተሰማው ሰው ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል ስለ ነበረ፣ ከጧቱ ደንበኛ የተቀበልነውን ለማታዋ አሮጊት ሳናውቀው ልናደርስ እንችል ነበር።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድረው የአገራችን ልጅ ወገቡ አላስቀምጠው ብሎ፣ በሽተኛ ስታገላብጥ የምትውለዋ ነርስ ትከሻዋ ታስሮባት፣ እየደወሉ «በሩን ከውስጥ ቆልፈህ እሸን»፣ «እቤታችን ናልን፣ እጥፍ እንከፍላለን» ይሉኝ ነበር። ሕመማቸው እውነተኛ ነበር፤ ኪራዬም እውነተኛ ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ካህኑ የለምጽ ምልክት የተጠረጠረበትን ሰው ሰባት ቀን ዘግቶ ካቆየ በኋላ እንደ ገና ይመለከተዋል፤ ያ መዝጋት ለማኅበሩ ጥበቃ፣ ለተጠረጠረውም ምርመራ ነበር እንጂ ቅጣት አልነበረም። ወጌሻ የነበሩት አያቴም፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው በዳኑበት በዚያ ወራት፣ የተሰበረ አጥንት ካልሆነ በቀር ሰው ለማሸት ከቤት ወደ ቤት መዞርን ትተው እንደ ነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው የዚያን መቅሠፍት መታሰቢያ ይዘን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይህን እያሰብሁ ለሁሉም እምቢ አልሁ።

ነገር ግን፣ ልጄ ሆይ፣ እምቢ ለማለት የሚችለው ጓዳው ፈጽሞ ያልጎደለበት ሰው ነው። የልጆቹ ሲሳይ ተቋርጦ በስውር ሊያሽ የሄደውን ሰው በምግባር ጉድለት መክሰስ ለእኔ ይከብደኛል፤ ኅሊናው እያወቀ ችግሩ ጎትቶት ነውና። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ችግር እጅሽን ይዞ በማይገባ ጊዜ በሰው ገላ ላይ እንዳያሳርፈው፣ በሰላሙ ቀን ቤትሽን አደራጂ።

ከሁሉ አስቀድሞ መዝገብሽን ጠብቂ። ቤቶቹ በተዘጉበት በዚያው መጋቢት፣ በ18ኛው ቀን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ለትናንሽ ድርጅቶች፣ በሥርዓቱ ከተሠራበት የሚሰረይ ብድር ተፈቀደ፤ ከዚያ በፊት የሥራ አጥነት ድጎማ የማይደርሳቸው በግል የሚሠሩ ሰዎችም እንዲያገኙ ተደረገ፤ እስከ ሐምሌም ድረስ በሳምንት 600 ዶላር ይጨመር ነበር። ነገር ግን ብቻውን ለሚሠራ ሰው የብድሩ ልክ የሚቈረጠው ያለፈው ዓመት የግብር ማስታወቂያው ላይ የሰፈረው የተጣራ ትርፍ ለ12 ወር ተካፍሎ በሁለት ተኩል ሲባዛ ነበር። በጥሬ ገንዘብ የተቀበለውን ሳይጽፍ የኖረ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ሲደክም ኖሮ በዚያ ቀን በወረቀት ፊት ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ተቈጠረ። ስለዚህ የመጣውን ዶላር ሁሉ፣ ቲፑን እንኳ ሳይቀር፣ በየማታው ጻፊ።

የስጦታ ካርድ ሸጠሽ የምትቀበዪው ገንዘብ ደግሞ ገና ያልሠራሽበት ዕዳ ነውና ለብቻው አስቀምጪው፤ ቤት በተዘጋ ጊዜ እርሱን በልቶ የተገኘ ሰው በተከፈተ ማግስት ያለ ዋጋ መሥራት ይጀምራል። ዕቁብም መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገቢ በሌለበት ወራት መክፈል ግድ ይሆንበታልና፣ የሦስት ወይም የአራት ወር ኪራይ ከዕቁቡ ውጭ በባንክ ይኑርሽ።

ቤቶቹ በግንቦት 7 ቀን እንዲከፈቱ ሲፈቀድ፣ ለእኛ ለሰሜን ቨርጂኒያዎቹ እስከ ግንቦት 21 ቀን ዘገየ። በቀጠሮ ብቻ፣ ቤቱ ከሚይዘው ሰው በእኩሌታ፣ አሺውም ታሺውም አፍንጫና አፋቸውን ሸፍነው ነበር። ያን ጊዜ ከአንዱ ደንበኛ እስከ ሌላው ክፍሉን አናፍስ፣ አንሶላውንና የፊት መደገፊያውን ልብስ ለውጬ አልጋውን እወለውል ስለ ነበር፣ በቀን የምቀበለው ሰው ቍጥር ቀነሰ፤ ብቻቸውን የከረሙ ሰዎች ግን ገና እጄ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ሲያለቅሱ ባየሁ ጊዜ የሥራችንን ክብር እንደ አዲስ ተረዳሁት። ከዚያ ዘመን ልማድ ሁለቱን አትተዪ። ኮሮና ደምን የማርጋት ጠባይ እንዳለው ታውቋልና፣ ከጽኑ ሕመም የተነሣ ሰው አንድ ባቱ ካበጠ፣ ከሞቀና ከታመመ፣ አትንኪው፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ላኪው እንጂ በእጅሽ አትፈትኚው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊወጣ ይችላልና። ሁለተኛም ትኩሳት ይዞኝ ቀረሁ ያለሽን ሰው የቀረበትን ቀጠሮ አታስከፍዪው፤ ገንዘቡ የሚያሳሳው ሰው ሕመሙን ደብቆ ይመጣልሻልና፣ የአንድ ሰዓት ዋጋ ማጣት ከዚያ ይሻላል።

ክፍል ስትመርጪ የሚከፈት መስኮት ያለውን ምረጪ፤ ኪራዩ ጥቂት ቢበልጥም አትቈጪ። የኪራዩን ውል ግን መንግሥት ሥራ በሚያዘጋበት ጊዜ ኪራዩ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንቀጽ ሳታገኚበት አትፈርሚ፤ ከሌለው እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፤ ከመፈረምሽም በፊት ላኪልኝና አብረን እናንብበው።

አባትሽ