ለሥዕል ትምህርት ለምትሄደው ልጄ



መስቀልን አብረን አክብረን፣ ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ወደ መሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጓዝሽን በምትሸክፊበት በዚህ ሰሞን፣ አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚሠራውን የስቶፕ ሞሽን ፊልም ለመሥራት መቁረጥሽን ስለ ነገርሽኝ፣ በአፍ የተነገረ በመንገድ ሊዘነጋ ይችላልና ልቡናዬ ያሰበውን በጽሑፍ አስፍሬልሻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የፊልምሽን ሐሳብ ከሩቅ አገር ሥራ ለመቅዳት አትቸኩዪ። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒውዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለውን ሥራውን ሲያቀርብ፣ ታሪኩን የወሰደው አህያና ውሻ ፍየልም ታክሲ ስለ ተሳፈሩበት፣ ማንኛውም የከተማ ሰው ከሚያውቀው ተረት ነው፤ አሠራሩም በአንድ ሸራ ላይ ሥሎ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በዚያው ላይ መልሶ መሣል ነበር። ይህን የምነግርሽ እርሱን እንድትመስዪ አይደለም፤ አያትሽ ማታ ማታ የምትነግርሽን፣ በጀፎረው፣ በመንደራችን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ላይ የሚያደባውን የጅብ ተረት እንዳትንቂው ነው።

ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ ትልቁ ድካም ማየት ነው። አያትሽ እንሰት ስትፍቅ ተቀምጠሽ ተመልከቺ፤ ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ የተዘረጋውን እንሰት በተረከዟ አጥብቃ ይዛ ቀርከሃውን ስትስበው፣ ከእጇ በፊት ትከሻዋ እንደሚነቃነቅ፣ እንቅስቃሴው በዝግታ ተጀምሮ መካከል ላይ እንደሚፈጥን፣ ከመቆሙም በፊት ጥቂት እንደሚያመነታ ትደርሺበታለሽ። በሴኮንድ 12 ፎቶግራፍ ብታነሺና በሁሉም ላይ አያትሽን የምትመስለውን አሻንጉሊት እጅ በእኩል ርቀት ብታራምጂ፣ የሚፍቀው ማሽን ይመስላል፤ በጅማሬውና በፍጻሜው እርምጃውን አሳጥረሽ በመካከሉ ብታረዝሚው ግን አሻንጉሊቷ ነፍስ ትዘራለች።

ስለ መልኩ ደግሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዐይን እየሣሉ፣ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ማን ምን እንደሆነ እንዳስረዱት፣ አንቺም አንድ ሥርዓት አውጥተሽ እስከ ፍጻሜው ጠብቂው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ሥዕል በተርታ የሚተርኩት የአገራችን ሠዓሊዎች ናቸውና፣ ትዕይንቶችሽን በተርታ የምትነድፊበትን ስቶሪቦርድ ከማዘጋጀትሽ በፊት ከዚያ ዓይነት አንዱን ፈልገሽ፣ ሠዓሊው ምኑን አሳይቶ ምኑን እንደ ዘለለ መርምሪ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ጢያ ላይ ያየሻቸው ትክል ድንጋዮችም በጥቂት የሰይፍ ቅርጽ ብቻ ምን ያህል ግርማ እንዳላቸው አስቢ፤ እኔ በበኩሌ ቀለም ከመጨመርሽ በፊት ያንን ድንጋይ ብታስታውሺ እወዳለሁ።

ለአሻንጉሊቶችሽ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አትመኚ፤ ለአጥንታቸው ሽቦ፣ ለፀጉራቸው ቃጫ ይበቃል። ቃጫ በተነካ ቁጥር ቦታውን ስለሚለውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በታየው ኪንግ ኮንግ ፊልም የሠሪዎቹ ጣት የነካው የጎሪላው ፀጉር እንደሚርገበገብ፣ ያንቺም ይርገበገባል፤ ለጅብ ጋማ ይህ ጌጥ ነው፤ ለሽማግሌ ጢም ግን ነውር ይሆናልና ጢሙን ከእንጨት ጥረቢው።

አንድ ደቂቃ 720 ፎቶግራፍ ነውና የመጀመሪያ ፊልምሽ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሲለዋወጥ ፊልሙን ያብለጨልጨዋልና፣ መስኮቱን ጋርደሽ በአምፖል ሥሪ፤ የስልክሽ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ እንዳይለውጥ ቆልፊው፤ ብርሃን ያንጸባርቃልና ነጭ ልብስ ለብሰሽም በአሻንጉሊቱ አጠገብ አትቁሚ። መብራት ጠፍቶ የተቋረጠን ትዕይንት በነጋታው መቀጠል አሻንጉሊቱን ያዛንፋልና፣ ትዕይንቶችሽን በአንድ ምሽት የሚያልቁ አድርገሽ ከፋፍያቸው።

ቃጫውን አክስትሽ ከቡታጅራ ትልክልሻለች፤ የጅቡን ንድፍ እንደ ጨረስሽ፣ ቀለም ሳትቀቢው፣ ላኪልኝ።

አባትሽ