ኮሶዬ ላይ የቆመችው መኪና



ጎንደርን ለቆ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ ወለቃን ካለፈ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይይዘዋል። መኪናው ማርሽ እየቀነሰ፣ ሞተሩ እያጓራ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮሶዬ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ከዚያ ወዲያ የወገራ የገብስ ማሳ፣ ዳባት፣ ከዚያም የሰሜን ተራሮች በር የሆነችው ደባርቅ ይከተላሉ። ኮሶዬ ላይ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ከገደሉ ጠርዝ የቆመ ሰው ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያየዋል። ዕድለኛ ከሆነም ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ሲበሉ ይመለከታል።

ይህ መንገድ የዛሬ አይደለም። ከምፅዋ ተነስተው፣ ሊማሊሞን በእግርና በበቅሎ ወጥተው፣ ወገራን አቋርጠው ጎንደር የሚገቡት የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። ከነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ጎንደር ላይ መኖሪያቸው አዲስ ዓለም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። ኋላም ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ የሊማሊሞን ገደል ቆርጦ የመኪና መንገድ አወጣበት። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ቺንጋ» የሚሉት ከዚያው ቋንቋ የተረፈ ነው። የሲራራ ነጋዴ ግን አንድ ነገር ከእኛ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ በቅሎው ትንፋሽ ሲያጥራት ጭነቷን አውርዶ ያሳርፋታል እንጂ «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ አይገርፋትም።

እኔ ይህን የተማርኩት በ2010 ዓ.ም. የጥር ወር ነው። ደባርቅ ላይ የአክስቴ ልጅ ኒካሕ ከዐስር በኋላ ሊታሰር ቀጠሮ ተይዞ ስለነበር እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ተነሳሁ። መሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ኮሶዬ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከመሪው ፊት ለፊት የማቀዝቀዣ ውሃ ማነሱን የምታመለክተው ትንሽ መብራት በራች። የሙቀቱ መርፌም ከመሐል አልፎ ሽቅብ ጀምሯል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያቺ መብራት ስትበራ ያየኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊትም ጎንደር ከተማ ውስጥ በርታ ነበር። እኔም የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት፤ መብራቷም ጠፋች፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ረሳሁት። የሞተር ማቀዝቀዣ ግን ዝግ በሆነ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ነዳጅ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ካነሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። እኔ መብራቷን እንጂ ምክንያቱን አላጠፋሁም ነበር።

ወንድሜ «ወንድም ጋሼ፣ ዳባት እንድረስና እዚያ እናሳየው» አለኝ። ዳባት ገና ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል። ሰዓቱም እየሄደ ስለነበር ሐሳቡ አሳሳተኝ። እናቴ ግን ከኋላ ሆና፣ «ልጄ፣ የታመመ ሰው ተሸክሞ ዳገት ይወጣል እንዴ? አቁሙት!» አለች። አቆምን። በኋላ የገባኝ፣ ሞተር ያለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢነዳ ቴስታው ሊጣመምና ከሥሩ ያለው ጋስኬት ሊቃጠል ይችላል። የዚያ ጥገና ወጪ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ቀለብ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ኮፈኑ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊታችን ላይ መጣ። ወንድሜ የአንገት ልብሱን በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄም ለማየት አጠገቡ ቆሞ አንገቱን አስግጓል። በዚህ ጊዜ ከእኛ በላይ ቆሞ ጎማውን ይመለከት የነበረ አንድ ሽበታም የጭነት መኪና ሹፌር እየሮጠ መጣና የወንድሜን ክንድ ያዘ። «ልጄ፣ ዓይንህን ትፈልገዋለህ አይደል? ተወው! ሕፃኑንም አርቁት!» አለ። የአንድ ባልደረባውን ፊት እንዲህ ያለ ክዳን እንዴት እንደላጠው ከዚያ በኋላ ነገረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ኮሶዬ ላይ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። የደባርቅ እናቶች ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግራቸውም ለዚህ ነው፤ ውሃው ይፈላል እንጂ ሙቀቱ አይበቃም። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው እንኳ 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ታዲያ ውሃው ሁልጊዜ የማይፈላው ክዳኑ እንደ ፕሬዠር ድስት አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑ በግለቱ ከተከፈተ ግን እፍኑ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ፊት ላይ ይፈነዳል። እኛ ሰዎች ደግሞ ክዳን ስንከፍት ፊታችንን ደፍተን ነው።

ሹፌሩ «አርባ ደቂቃ አትንኩት» ብሎን ጎማውን ጨርሶ በሰላም ሄደ። ዙህር ደርሶ ስለነበር ለውዱእ ብለን ከጫንነው ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በቁጠባ ውዱእ አድርገን ከሣሩ ላይ ሰገድን። እስክንጨርስ ትንሿ ልጄ ከመኪናው ሥር ወደ ጠብታው ሄዳ ኖሮ፣ ባለቤቴ ጣቷን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ደረሰችባት። ከጠብታው ጋር አረንጓዴ ቀለም ነበረበት፤ ከውሃው ጋር የቀረ የቆየ ማቀዝቀዣ ነው። ውድ እናቶችና አባቶች፣ ይህን አደራ! ብዙውን ጊዜ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚሠራው ጣፋጭነት ካለው መርዝ ነው። ጥቂቱ እንኳ የሕፃንን ኩላሊት ሊያበላሽ፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ቤት ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። መሬት ላይ ከፈሰሰም ውሻና በግ እንዳይልሱት አፈር ማልበስ ያሻል። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ራዲያተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ በጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነበር። ከላይኛው የጎማ ቱቦ አንገት ላይ የምታስረው የብረት ቀለበት ላልታለች፤ እርጥበቱም ከዚያ ይጀምራል። ወንድሜ በጠመንጃ መፍቻ አጠበቃት። ጀሪካናችን ውስጥ ግን የቀረው ሁለት ሊትር የማይሞላ ውሃ ነው፤ እሱም አልበቃም።

ከመንገዱ በታች ካለው ጎጆ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው ኖሯል። ምንም ሳንጠይቃቸው በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዘው መጡ። ወቅቱ በጋ ነው፤ ምንጩ ሩቅ መሆኑ ከጀርባቸው ላይ ከተጋደመው የገመድ ምልክት ያስታውቃል። ብር ልሰጣቸው እጄን ኪሴ ስከት ተቆጡ፤ «ውሃ ይሸጣል እንዴ?» አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው፤ እሳቸውም እሷን መረቁ። የማን ምርቃት ረዘም እንዳለ አላውቅም።

ውሃውን በአንድ ጊዜ አልደፋነውም። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ጥቂት በጥቂት ጨመርን፤ ሞተሩን አስነስተን አየሩ እስኪወጣ ጠበቅን፤ ከዚያ ክዳኑን ገጥመን ዓይናችንን ከመርፌው ሳንነቅል በዝግታ ተጓዝን። ደባርቅ ስንደርስ ኒካሑ ታስሮ ነበር። እናቴ ለጥቂት ጊዜ አዘነች፤ የልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ ከቆጠረች በኋላ ግን «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተቀመጠች።

በማግሥቱ መካኒክ አሳየን። ባዶ ውሃ ይዞ መቆየትን አልወደደውም። ውሃ ብቻ ሞተሩን ያዝገዋል፤ ቶሎ ይፈላል፤ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት በሰሜን ተራሮች ደግሞ ሲረጋ እየሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። ማቀዝቀዣውና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ሲቀላቀሉ ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም።

ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ስወጣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈን እከፍታለሁ፤ በፕላስቲኩ ዕቃ ላይ ውሃው በታችኛውና በላይኛው ምልክት መሐል መሆኑን አያለሁ፤ ቱቦውን በእጄ እዳስሳለሁ፤ ከመኪናው ሥር መሬቱን አያለሁ። ዳገት ላይ መርፌው ከወጣ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይሉ እከፍታለሁ፤ ይህ ከሞተሩ ላይ የተወሰነ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ወይም የማነስ መብራቷ ከበራች ግን እቆማለሁ። አንድ ጀሪካን ውሃ ለሰው፣ አንድ ለመኪና፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ቆምን። እናቴ ከደባርቅ ገበያ የገዛችውን አዲስ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካንና ጥቂት ቡና ይዛ ወደ ጎጆው ወረደች። ሴትየዋ ውሃ ሊቀዱ ሄደው ስለነበር በር ላይ ለነበረች ልጅ ሰጥታ ተመለሰች። ልጄ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አባዬ፣ መብራቷ ጎንደር ላይ በርታ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን።