ከየትኛው ድርጅት ነህ?

ዛሬ የማጫውታችሁ በ2025 ከፋሲካ በዓል በኋላ ቴል አቪቭ ስለሄድኩበት አንድ የዲጂታል ማርኬቲንግ ጉባኤ ነው። «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። እኔም ሃምሳውን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ የልጆች ነገር ነው እያልኩ ስሸሸው ኖሬ ነው በመጨረሻ ትኬት የገዛሁት።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ኮምፒዩተር ይዛ ተቀምጣለች። ስሜን ነገርኳት። «ከየትኛው ድርጅት ነህ?» አለችኝ። በዕብራይስጥ አንቱታ የለምና አልተቀየምኩም። «ከራሴ» አልኳት። «የሥራ ድርሻህስ?» «መምህሩም እኔ፣ ጸሐፊውም እኔ፣ ገንዘብ ያዡም እኔ።» ሳቀችና አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ስሜን አተመችልኝ፤ ድርጅት በሚለው ቦታም ያንኑ ስሜን ደገመችው።

ካርዱን አንጠልጥዬ በሩ አጠገብ ቆም ስል አንድ ሰውዬ መጣና ቦርሳውን ከፍቶ ዘረጋልኝ። እንድፈትሸው ነው። ጥበቃ መስዬዋለሁ። ካርዴን አሳየሁት፤ ፊቱ ቀላ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኔም ይቅር አልኩት። ጥበቃ መሆን ነውር አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ ያሳደገ ሥራ ነው። ግን ነገሩን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ሄድኩ? ከትምህርት ቤት ሥራዬ ጎን ለጎን ማታ ማታ በዙም አማርኛ አስተምራለሁ። የጀመርኩት ከአንድ ለቅሶ ቤት በኋላ ነው። አንዲት እናት ወንድማቸው ሞቶባቸው ያለቅሳሉ፤ የልጅ ልጃቸው፣ እዚሁ የተወለደ ጎረምሳ፣ አጠገባቸው ተቀምጧል። ሊያጽናናቸው ፈልጎ ቃል አጣ። እጃቸውን ብቻ ይዞ ቀረ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኦሴክ ፓቱር ከፈትኩ። ለማታውቁት፣ ይህ ለትንሽ ነጋዴ የተፈቀደ ምዝገባ ነው፤ በ2025 የዓመት ገቢው ጣሪያ 120,000 ሸቀል ነበር። «ፓቱር» የሚባለው ከደንበኛው ማዓም ስለማይሰበስብ ነው እንጂ ከገቢ ግብርና ከቢቱዋሕ ለኡሚ ነፃ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስድስት ተማሪ ነበረኝ፤ ሁለቱ ተዉና አራት ቀሩ። አዲስ ከየት ይምጣ? በወረቀት ጽፌ ምኩራቡ በርና የበርበሬ ሱቁ መስታወት ላይ ለጠፍኩ። የአንዱን ዝናብ አጠበው፣ የሌላውን የዘፋኝ ፎቶ ሸፈነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የቄስ ልጅ ነኝና ይህን ተረት በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደተተረተብኝ እግዜር ነው የሚያውቀው። እናም 350 ሸቀል ከፍዬ ልማር ሄድኩ።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ወረቀት አስወጣችንና «ደንበኛህ ማን ነው? ሁሉም ሰው እንዳትሉኝ» አለች። እኔ «የማኅበረሰባችን ልጆች» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥላ «የሚከፍለውስ ማን ነው? ምን ጨንቆት ነው የሚከፍለው?» ስትል ብዕሬ ቆመ። የአሥር ዓመት ልጅ አማርኛ አልጨነቀውም። ከቀሩኝ አራት ተማሪዎች ሦስቱ ከሃያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ከሠራዊት የወጡ፣ ትዳር የያዙ፣ አያታቸው ሳታልፍ አንድ ነገር ሊጠይቋት የቸኮሉ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያዬን ለሕፃን ስጽፍ ነበር።

ነገሩን ካሰባችሁት ለእኛ አዲስ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩ እናቶቻችን ቱሪስት ሲበዛ ማሰሮና ጀበና ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የሸክላ ምስል ይሠሩ ጀመር። ፈረንጅ እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን እንደማይሳፈር ማንም ጉባኤ አላስተማራቸውም።

ሁለተኛው ተናጋሪ ስለ ተከታይ ተናገረ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሰው አሥር ሺህ ደንበኛ ያለው ይመስለዋል። ይህን ስሰማ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አልኩ በልቤ። ተከታዩ የመድረኩ ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ ነገ ሕጉን ቢለውጥ ወይም ገጽህን ቢዘጋ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ፈቅዶ ስልኩን የሰጠህ ሰው ግን ያንተ ደንበኛ ነው፤ ስሙን በራስህ ደብተር ጽፈህ ያዝ አለን።

«ፈቅዶ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። በዚህ አገር ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የጸና ሕግ አለ። ሳይፈቅድ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት ማስታወቂያ የተላከበት ሰው፣ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሸቀል ሊፈርድለት ይችላል። መልእክቱ ኢሜይል ከሆነ ማስታወቂያ መሆኑን መግለጽ አለበት፤ አልፈልግም ለሚል ሰውም መውጫ መንገድ ሊኖረው ይገባል። እንጀራ የምትሸጥ ወይም የሐበሻ ልብስ የምታስመጣ ልጅ ካለቻችሁ ይህን ንገሯት። የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ላይ ያገኘችውን ስልክ ሁሉ እየሰበሰበች እንዳትልክ።

ሦስተኛው ስለ ተከፋይ ማስታወቂያ ነበር። አንድ ሰው ጉግል ላይ «የአማርኛ ትምህርት» ብሎ በጻፈባት ቅጽበት ጨረታ ይካሄዳል። ብዙ ገንዘብ ያቀረበ ብቻ አያሸንፍም፤ ማስታወቂያው ሰውየው ከፈለገው ጋር ምን ያህል ይስማማል የሚለውም ይመዘናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ሰው ማስታወቂያውን ሲጫነው ነው። ስለዚህ የቀን ወጪ ልክ ሳታበጁለት አትጀምሩ። ያለ ገንዘብ የሚሠራም አለ፦ ጉግል ካርታ ላይ ሥራህን በነፃ ማስመዝገብ፣ ዋትስአፕ ቢዝነስን ጭነህ ዋጋና ሰዓትህን እዚያው ማስቀመጥ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚበጀው ይሄኛው መሰለኝ።

እስከዚህ ድረስ ገንዘቤ አላስቆጨኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አሥር ደቂቃ ከአማካሪ ጋር መቀመጥ ነበረ። የደረሰችኝ ወጣት ትሑትና ፈጣን ልጅ ናት። አባቴ ቄስ መሆናቸውን፣ ኦሪትን በግዕዝ እንደሚያነቡ፣ ሕዝብ እየመሩ በእግር ሱዳን መግባታቸውን ስነግራት ዓይኗ በራ። «ይሄ ወርቅ ነው! ሰው ትምህርት አይገዛም፣ ታሪክ ነው የሚገዛው። አባትህን ሲጸልዩ ቅረጻቸው። ስልሳ ሰከንድ ብቻ። ከሥር ስለ ጉዞው ሁለት መስመር ጻፍ፤ ከዚያ የመመዝገቢያ ቁልፍ።» ክፋት የለባትም፤ ልትረዳኝ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። በባቡር ወደ ነታንያ ስመለስ በልቤ ቪዲዮውን እሠራ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሐሳቤ አምሮ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

«አባባ፣ ከጸሎቱ ጥቂት ቢያሰሙኝ ልቅረጽ።»

«ለማን?»

«በስልክ ለሚያዩ ሰዎች።»

«የማን ልጆች ናቸው?»

«አላውቃቸውም።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ሲሰሙ ይቆማሉ?»

ለአባቴ አልዋሽም። አውቶቡስ ውስጥ ይሆናሉ፣ አልጋቸው ላይ ይሆናሉ፣ ካልጣማቸው በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ አልኳቸው።

«እንግዲያ ተወው። ሰው ወደ ጸሎት ይመጣል እንጂ ጸሎት ሰውን አያሳድድም። ለልጆችህ ከሆነ ግን የፈለግኸውን ያህል ቅረጽ።»

እናቴ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ትሰማለች። እናቴ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች። «ምንድን ነው የምትሸጠው?» አለችኝ። «ትምህርት» አልኳት። «ታዲያ ትምህርቱን አታሰማቸውም? እኔ ገበያ ስወጣ ማሰሮውን በጣቴ አንኳኩቼ ነበር የማሰማቸው። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ይገዙኛል። የተሰነጠቀ ከሆነ ራሱ ይናገራል። እጄንማ ማን ሊያየው ይወድ ነበር?»

የመጨረሻዋ ቃሏ የት እንደምትወጋ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ማሰሮውን ይፈልጉታል፣ የሠራችውን እጅ ይፈሩታል። ቡዳ ይሉን ነበር። በእኛ ማሰሮ ወጥ እየሠሩ ከእኛ ጋር ግን ማዕድ አይቆርሱም። አሁን ደግሞ ገበያው ተገላብጦ «ማሰሮውን ተወው፣ እጅህን አሳየንና እንክፈልህ» ይለናል። በሁለቱም ገበያ ማሰሮውና ሠሪው አንድ ላይ አልታዩም።

ያ ቦርሳውን የዘረጋልኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ። የአባቴን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ቢያይ ልቡ ሊነካ፣ እንባም ሊመጣለት ይችላል። በማግሥቱ በር ላይ ቢያገኘኝ ቦርሳውን ከመዘርጋት የሚያግደው ግን ምን አለ? ስለ እኔ የሚያውቀው የተሰደደ መሆኔን እንጂ ማስተማር መቻሌን አይደለም።

ታሪካችን ይደበቅ ማለቴ አይደለም። ይኸው ለእናንተ እያጫወትኩ አይደል? ለእናንተ ግን ዋጋ አልለጠፍኩበትም። አማካሪዋም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ሰው ከማያውቀው ሰው አይገዛም። የእናቴ ደንበኞችም ማሰሮው የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ምኑን አስቀድመህ ምኑን ታስከትላለህ የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ ማሰሮውን አንኳኳሁ። ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ የአርባ ሰከንድ ትምህርት ቀረጽኩ፦ ጓደኛን «እንዴት አደርክ» ሲባል አያትን ለምን «እንዴት አደሩ» እንደሚባል፣ አፍ እስኪፈታ ሦስት ጊዜ እየደገምኩ። የጻፍኩትም ለሕፃናት ሳይሆን «አያትህን ሳታስተረጉም ማናገር ለምትፈልግ» በሚል ነው። የማውቃቸው ሰዎች ባሉበት ቡድን፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅጄ ላክሁት። በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ጠየቀኝ፣ ሦስት ተመዘገቡ፣ አንዱ ከመጀመሪያው ትምህርት በኋላ ቀረ። አሁን እንደገና ስድስት ሆነዋል። የትኬቱ ገንዘብ ተመልሷል፤ ሀብታም ግን አላደረገኝም። ከአዲሶቹ አንዷ ትምህርቱን እንደጨረሰች ማታ ወደ አያቷ ደውላ «እንዴት አደሩ» ብትላቸው «ልጄ፣ አሁንማ መሽቷል» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አወሩ።

አባቴንም ቀረጽኩ። ለልጆቼ ነው፣ ቤታችን ተቀምጧል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ አንድ ቀን ስልክ ይዞ መጥቶ «እማማ፣ ለሥራዬ ልቅረጽሽ» ማለቱ አይቀርም። አትቆጡት። ብቻውን ሥራ የጀመረ ልጅ ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ነው፣ ረዳት ይፈልጋል። ግን ከመቀረጻችሁ በፊት እናቴ የጠየቀችኝን ጠይቁት፦ «ምንድን ነው የምትሸጠው?» እንጀራ ከሆነ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ በሉና ዓይኑ ሲወጣ ይቅረጽ፣ እናንተም እንዴት እንደሚጋገር ንገሩት። መልስ ካጣ ደግሞ ስልኩን አስቀምጦ ቡና እስኪፈላ ይቀመጥ። መልሱ እዚያው ይመጣ ይሆናል።