ስሙን የማላውቀው ወዳጄ

የሰውን ስም ማወቅ ሰውየውን ማወቅ ይመስለናል። እኔም የምተዳደረው በዚህ እምነት ላይ በቆመ ሙያ ነው። በባንክ መስኮት ከተቀመጥሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከመስታወቱ ወዲያ የሚቆመው ደንበኛ ሁሉ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፣ ከነፊርማውና ከነሒሳብ ቁጥሩ በፊቴ ይዘረጋል። ፊርማው ከቀድሞው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ወይም ከስሙ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች፣ በአካል ፊቴ ቆሞ ሳለ እሱነቱን ለመቀበል እቸገራለሁ። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት ካስተናገድኋቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ምን እንደሚያስለቅሰው የማውቀው አንድም የለም።

ስም የማይጠየቅበት ሌላ ቦታ ደግሞ አለ። እዚያ ሰዎች ለዓመታት ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ፤ አብረው ይዘምራሉ፣ አብረው ያዝናሉ፣ ይተቃቀፋሉ፤ ሲመሽ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ያ ቦታ ስታዲየም ነው። ወሬው ስለ እግር ኳስ መሆኑን አይቶ ከወዲሁ ፊቱን ሊያዞር ያሰበ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ካለ፣ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ የምጽፈው ከኳሱ ይልቅ ስለ አንድ ሰው ነውና።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ከውጭ ብቻ ለሚያውቀው የሲሚንቶ ክምር ነው። ውስጡን ለሚያውቀው ግን የራሱ ሰፈሮች ያሉት ከተማ ነው። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ። ጥላው ከፍ ያለ ዋጋ ለከፈለ፣ ፀሐዩና ዝናቡ ለተቀረው ነው። እነዚህን ስሞች በቃሌ ስደረድራቸው አንዳንዴ ግጥም የማነብ ይመስለኛል። በተለይ "ከማን አንሼ" የሚለው ያስገርመኛል። በሁለት ቃል ጥያቄም ነው፣ ኩራትም ነው፣ ቅሬታም ነው። ለአንድ መቀመጫ እንዲህ ያለ ስም ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን ባለቅኔ ነበር፤ ስሙ ግን በየትም አልተጻፈም። እኔ ከእነዚህ ሰፈሮች በየትኛው እቀመጥ እንደነበር ልተወው፤ ከተናገርሁ የሌላው ሰፈር ቲፎዞ ለክርክር ይነሣብኛል።

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። አባቴ የጊዮርጊስ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን፣ የጣሊያንን ዘመን ያለፈውን አንጋፋ ክለብ እንደ ርስት ሊያወርሰኝ ይፈልግ ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ ገና ሜዳውን ሳላይ የቡና ደጋፊዎችን ዝማሬ ሰማሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አባቴ ትኬት እስኪቆርጥ ስጠብቅ፣ ከበሮውና የሺህ ሰው ድምፅ በግንቡ ላይ ተሻግሮ ደረሰኝ። ምርጫዬ የዓይን ሳይሆን የጆሮ ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ በር ገብተን፣ በሁለት ሰፈር ተቀምጠን፣ በአንድ አውቶቡስ ወደ ቤታችን መመለስ ልማዳችን ሆነ።

ሰውየውን ያገኘሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት ከፍ ይላል። "ጋሼ" አልሁት፤ "ልጄ" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አላስፈለገንም። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል። አሮጌ ጋዜጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከሥሩ ያነጥፍና ሌላውን በአጠገቡ ያኖረዋል፤ ያ የእኔ ቦታ ነው። ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ያወጣል። ከደረት ኪሱ ደግሞ ትንሽ ሬዲዮ ያወጣና ጆሮው ላይ ይለጥፋል። በዓይኑ የሚያየውን ጨዋታ በሬዲዮም ይሰማል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ልጄ፣ ዓይን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገዋል" አለኝ።

የሬዲዮው ነገር ሥር እንዳለው የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በዚሁ ሜዳ፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል በነበረው፣ ሲደረግ ጋሼ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። መግቢያ ገንዘብ አልነበረውም። ከግንቡ ውጭ ቆሞ ጨዋታውን በጆሮው "አየው"። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተው ነበር፤ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው አራት ለሁለት አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህን ሁሉ በኋላ ሰዎች ነገሩት። እሱ ራሱ ያንን ቀን ሲያስታውስ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ "አራት ጩኸትና ሁለት ዝምታ ቆጠርሁ።"

ይህችን አነጋገር ከሰማሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ አንድ ስንኝ መጻፍ ብችል እያልሁ እመኛለሁ። የአገር ታሪክ ትልቁ የኳስ ቀን በአንድ ድሀ ልጅ ጆሮ አራት ጩኸትና ሁለት ዝምታ ነው። ሌላው ዝርዝር ነው።

አንድ ደብተር አለኝ። ከፊት በኩል ያየኋቸውን ጨዋታዎች እጽፍበታለሁ፦ ቀኑን፣ ውጤቱን፣ ያገባውን፣ ዝናብ እንደነበረና እንዳልነበረ። ገልብጬ ከኋላ በኩል ደግሞ ግጥሞቼን እጽፋለሁ። ከዓመት ዓመት ሁለቱ ወደ መካከል እየተቀራረቡ መጡ። ባንክ ቤት በየምሽቱ ገቢና ወጪ ካልተመጣጠነ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በዚህ ደብተር ግን ሒሳቡ ተመጣጥኖ አያውቅም፤ ሽንፈቱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ሽንፈቱ ለጊዮርጊስ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የጊዮርጊስ ቲፎዞ የሆነው የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ያለ አንዳች ቃል ይሄዳል። "ጠጥተናችኋል" ማለቱ ነው። ቡናውን እጠጣዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

ከጋሼ ጋር ያየኋቸው ደስታዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን ይበቃሉ። በ2003 ዓ.ም. ቡና በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ጋሼ አልጮኸም። ሬዲዮውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። "ዛሬስ አንድ ምስክር በቂ ነው" አለ። ለዓመታት ሲያወራልኝ የነበረው በ1990 ዓ.ም. ቡና የካይሮውን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ስላስወጣበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ታሪክ ሆነለት።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን አስተናገደ። በሱዳን ምድር አምስት ለሦስት ተሸንፈን ስለነበር ሁለት ለባዶ ማሸነፍ በቂያችን ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ማለት ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፣ ከዚያም ሳላዲን ሰዒድ። ጋሼ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ሬዲዮው በእኔ ጆሮና በእሱ ጉንጭ መካከል ተጣብቆ ነበርና የተንታኙ ድምፅ እስከ ዛሬ በዚያ ጆሮዬ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ፈገግ አለ፦ "አየህ ልጄ፣ አንዱ የጊዮርጊስ ተጫዋች፣ አንዱ ከጊዮርጊስ የወጣ፤ ዛሬ ግን የማን ልጆች ናቸው?"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ይህ ቸልተኝነት አልነበረም፤ የቦታው ወግ ነው። ስም ሲመጣ ሥራ ይመጣል፣ ሥራ ሲመጣ ሰፈር፣ ከዚያም ማን የማን እንደሆነ ይመጣል። እዚያ የምንሄደው ይህን ሁሉ በር ላይ ጥለን ለመግባት ነበር። ባንክ ቤት እንደምሠራ አያውቅም ነበር፤ ግጥም እንደምጽፍም። እኔም ጡረተኛ ይሁን ነጋዴ፣ ባለትዳር ይሁን ብቸኛ አላውቅም። ግን ቡድኑ ሲሸነፍ ቆሎውን በእጁ እንደያዘ እንደሚረሳው አውቃለሁ። ተቃዋሚ ተጫዋች ሲጎዳ "እናት አለችው" እንደሚል አውቃለሁ። ዳኛ ሲሰደብ ጆሮውን በሬዲዮው እንደሚሸፍን አውቃለሁ።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር እንደ ወትሮው "እንግዲህ ለሳምንቱ" ተባብለን ተለያየን። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፤ የዓመቱ ውድድርም ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ ተጀምረው ከከተማ ወደ ከተማ ዞሩ፦ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዲኤስቲቪም መተላለፍ ጀመሩ። የእኛው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ አስቆጠረ፤ በሊጉ ታሪክ በአንድ ዓመት ማንም ያልደረሰበት ቁጥር። ሁሉንም በቴሌቪዥን አየሁት። ባለቤቴ "ለማን ነው የምትጮኸው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ዞር ብዬ የማየው ትከሻ አልነበረም። ካሜራው ባዶውን መቀመጫ ባሳየ ቁጥር ዓይኔ ጋዜጣ የተነጠፈበት ቦታ ይፈልጋል። ልጁ ገና ብቅ ሲል "ይህን ልጅ ልብ በለው" ያለኝ ጋሼ ነበር። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ እኛ ሁለተኛ ሆንን። አቡበከርም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ስታዲየሙም ለእድሳት ተዘግቶ በሮቹ ተቆለፉ።

አንድን ሰው በስሙ መፈለግ ሙያዬ ነው። ለዚህ ሰው ግን የምጽፈው አንዲት ፊደል የለኝም። አገራችን የሐዘን ሥርዓት ያላት አገር ናት። የተጣላን እንኳ ለቅሶ ያስታርቃል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ወዳጅ አይባልም። እኔ ግን ለዐሥራ አራት ዓመት ቆሎውን የበላሁለት ሰው ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ድንኳኑ ከየትኛው ደጃፍ ይተከል እንደነበር አላውቅም። በየትኛው እድር እንደሚለፈፍ አላውቅም። በአጠገቡ ባልፍ እንኳ የሚለፈፈው ስም የእሱ መሆኑን አላውቅም። ይህ ሐሳብ በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይከብደኛል። በደብተሬ መካከል፣ ጨዋታውና ግጥሙ በተገናኙበት ገጽ ላይ፣ ይህን ጽፌያለሁ፦

ስሜን አልነገርሁህ፣ ስምህን አልሰማሁ፤
ጎንህን ፈልጌ ዛሬ እመጣለሁ።

ደጋፊነት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ስለ ዋንጫና ስለ ማልያ ብዙ የምነግረው የለኝም። ለእኔ ደጋፊነት አንድን ሰው ከስሙ ቀድሞ በእንባው ማወቅ ነው። ለዐሥራ ሁለት ዓመት በመስታወት ውስጥ የፈለግሁትን ሰው፣ በዚያ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሳልፈልገው አገኘሁት።

ውድ አንባቢ፣ ጋሼ ይህን ገጽ ያነባል ብዬ አልጠብቅም፤ የእሱ ዓለም ሬዲዮ ነው። ግን ምናልባት ከእናንተ የአንዳችሁ አባት ወይም አያት በደረት ኪሱ ትንሽ ሬዲዮ የሚይዝ፣ አሮጌ ጋዜጣ የማይጥል ሰው ይሆን ይሆናል። ስለ 1954ቱ ዋንጫ ሲጠየቅ ጩኸትና ዝምታ የሚቆጥር ከሆነ፣ እባካችሁ ስሙን አትንገሩኝ። ይህን ብቻ ንገሩልኝ፦ ያ ልብ በለው ያልከኝ ልጅ 29 አገባ፤ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ምስክር ግን አጥቻለሁ።