ወናፍና ሞተር

እሳት ያለ አየር እንደማይነድ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ከሰል እያራገበች ቡና የምታፈላ እናት ታውቀዋለች፤ ማረሻ የሚያግል ቀጥቃጭ ደግሞ ከእርሷ አብልጦ ያውቀዋል፤ ወናፉ የቆመ እንደ ሆነ ብረቱ ይጠቁርበታልና። ዳሩ ግን ሁሉ የሚያውቀው ይህ ነገር ከአውቶሞቢል ኮፈን ሥር ሲገባ የሊቃውንት ምሥጢር ይመስለናል። ሞተር ምድጃ መሆኑን፣ ፒስተኑም ሁለት ጊዜ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንዴ አየር የሚስብ ወናፍ መሆኑን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ በምኖርባት በአረካ ከተማ ሲሠራ ያየሁት አንድ የአየር ቱቦ ነው። አረካ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በእንሰት መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ጎረቤቴ መምህር ነው፤ ዕድሜው የገፋ አንድ ቶዮታ አለው። መኪናው በሜዳ ደኅና ይሄዳል፤ ዳገት ሲያጋጥመው ግን፣ ይልቁንም በቀትር፣ እንደ ደከመ በቅሎ ይለግማል። በሙያ ማሠልጠኛ ስለ ሞተር የሚማረው ልጁ፣ መኪናው የሚተነፍሰው ከራዲያተሩና ከጭስ መውጫው የተነሣ ትኩስ አየር መሆኑን መርምሮ፣ ከፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦ እንዲሠራለት አባቱን ለመነ። አባት የደመወዙን መጠን የሚያውቅ ሰው ነውና «ነዳጅ ይቆጥብልናልን?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም «አዎን፣ አባዬ» ሲል ሳይጠራጠር መለሰ።

የልጁ ሐሳብ መሠረት ነበረው። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ከክብደቱ 15 እጥፍ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን በአረካ ከፍታ ለመንደድ ከ11,000 ሊትር የሚበልጥ አየር ይበላል ማለት ነው። የአገራችንም ደጋ ለሞተር ቸር አይደለም። በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚህ ላይ አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር 25 ዲግሪ ካለው ጋር ቢመዛዘን፣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። እንግዲህ ከኮፈን ሥር የሚተነፍስ ሞተር በደጋ ሁለት ጊዜ ይራባል፤ አንድም በከፍታው፣ አንድም በራሱ ሙቀት። ከፍታውን ማንም ሊያወርደው አይችልም፤ ሙቀቱን ግን በቱቦ መሸሽ ይቻላል።

ቱቦውን የሠሩት በከተማው ዳር አነስተኛ የብየዳ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። አባታቸውና አያታቸው ቀጥቃጮች ነበሩ፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ወናፍ ነፍተዋል። ልጁ በወረቀት የነደፈውን ባሳያቸው ጊዜ ብዙ ከተመለከቱት በኋላ ሦስት ነገር ነቀፉ።

የመጀመሪያው ነቀፋ ስለ ቱቦው አፍ ነበር። ልጁ ቀዝቃዛ አየር በብዛት ይገኛል ብሎ አፉን ከፊት መከላከያው በታች አውርዶት ነበር። አዛውንቱ «ልጄ፣ በሐምሌ ጎርፍ ውስጥ ስትገባ አየር ሳይሆን ውሃ ትጠጣለች» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ወደ ሲሊንደር የገባ እንደ ሆነ የፒስተኑን ክንድ እስከ ማጉበጥ ይደርሳል። በመንገዳችን ላይ የሚመላለሱት ላንድ ክሩዘሮች ከፊት መስታወታቸው ጎን ወደ ላይ የቆመ ጥቁር ቱቦ ያላቸው ለጌጥ አይደለም፤ ከውሃና ከአቧራ ርቀው እንዲተነፍሱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ፊልትሮው ነበር። ልጁ የፋብሪካውን የማጣሪያ ሣጥን አውጥቶ፣ በየከተማው ወጣቶች የሚወዱትን ገላጣ ማጣሪያ ሊተካ አስቦ ነበር። አዛውንቱ ግን በእጃቸው ከመንገዱ አቧራ ዘግነው በጣታቸው እያሹ አሳዩት። አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ ፊልትሮውን አልፎ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ጥቂት ጉልበት ለማግኘት ሲባል ሞተሩን ለመብላት የተዘጋጀ ጠላት አስገብቶ ማሳደር ከብልኅ ሰው አይጠበቅም። ስለዚህ የድሮው ሣጥን በቦታው እንዲቆይ፣ ትኩስ አየር የሚስበው አፉ ብቻ ከአዲሱ ቱቦ ጋር እንዲገጠም ተስማሙ።

ሦስተኛው ስለ መታጠፊያው ነበር። በሥዕሉ ላይ ሁለት ስፍራ በቀጥታ ማእዘን የታጠፈው ቱቦ በረጅም ቅስት እንዲተካ አዘዙ፤ «የወናፍ አንገት ተሰብሮ አይሠራም» አሉ። ላሜራውን ጠቅልለው በየዱት፤ በልስልስ ሞረዱት፤ ከሣጥኑ ጋር በላስቲክ አገናኝተው አጠበቁት፤ አፉንም ከራዲያተሩ ጎን፣ ከመብራቱ ኋላ፣ ከፍ አድርገው አኖሩት። ብረት ሙቀት ስለሚቀበል ቱቦው መጠቅለል አለበት በተባለ ጊዜ አንዱ ተመልካች የእንሰት ቃጫ ቢያቀርብም፣ በጭስ መውጫ አጠገብ ቃጫ መጠቅለል እሳት ማዳፈን ነው ተብሎ ተሳቀና ሙቀት የሚችል መጠቅለያ ተገዛ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በዳገት፣ ነጂው የቤንዚኑን መርገጫ እስከ መጨረሻው ሲረግጥ፣ መኪናው ከቀድሞው ይልቅ በረታ። ነዳጅ ግን አልቆጠበም። መምህሩ ለአንድ ወር ያህል በደብተር እየጻፈ ተከታተለ፤ ልዩነት አላገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሜዳ በዝግታ የሚሄድ የቤንዚን ሞተር ቀድሞውንም አፉ በከፊል የተዘጋ ነው፤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይተነፍሳል። ቀዝቃዛ አየር የሚያድገው የጉልበቱ ጣሪያ እንጂ የዕለት ፍጆታው ቁጠባ አይደለም። ልጁ ደብተሩን ካየ በኋላ አባቱን «የተናገርሁት ልክ አልነበረም» አለው። አባትም ከቱቦው ይልቅ በዚህ ቃል ደስ ሳይለው አልቀረም።

ሥራው ያለቀ ዕለት በመምህሩ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አዛውንቱ እጃቸውን ታጥበው ከደጃፉ ሳያልፉ ቆሙ። ማንም አልከለከላቸውም፤ የከለከላቸው የቆየ ልማድ ነው። እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ በወላይታም ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ምርታቸው እየተፈለገ ራሳቸው ይገለሉ ነበር፤ ከገበሬው ቤተ ሰብ ጋር መጋባትም ለእነርሱ የተዘጋ ነበር። የመምህሩ እናት ስኒ በእጃቸው ይዘው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ልጁ «አባባ፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። አሮጊቷም ከመደቡ ላይ ፈቀቅ አሉና «ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሉ፤ የመጀመሪያውንም ስኒ ለእርሳቸው ሰጡ።

ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ይዞ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብን የከለከሉበት ዐዋጅም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ያስደንቃል። አውቶሞቢሉን ተቀብለን አገር ለአገር ነዳነው፤ ዐዋጁ ግን እስከ ዛሬ ከአንዳንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የኑሮም ነው። ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች የሚቆዩት በጠጋኞቻቸው ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት ደግሞ በሁለት ስፍራ ተከፍሎ ይገኛል። ገሚሱ በተማሪው ደብተር ነው፤ የአየርን ክብደትና የሙቀትን መጠን ይቆጥራል። ገሚሱ በቀጥቃጩ እጅ ነው፤ ውሃ የት እንደሚያደባ፣ አቧራ ምን እንደሚበላ፣ ላሜራ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል። ደብተሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያ መኪና በመጀመሪያው ጎርፍ ሰጥሞ ይቀር ነበር፤ እጁም ብቻውን ቢሆን ኖሮ አየሩ ስለምን እንደሚሳሳ የሚጠይቅ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ በየማሠልጠኛው የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ስደዱ፤ ቀጥቃጩንም ወደ ክፍላችሁ ጥሩት። ሲመጣም ከደጅ አታቁሙት።